ጥያቄና መልስ፦ «ይትቀደስ ስምከ» በማልታ ደሴት

በዚህ እትም ስለ ማልታ ቋንቋና ባህል ከሰሜን ሸዋ የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች አንድ ላይ አቅርበናል። የመጀመሪያው ለሌሎቹም በር የሚከፍት በመሆኑ ሰፊውን ቦታ ይዟል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። በልጅነቴ ዳዊት ደግሜ ጥቂት ዜማም ተምሬ ነበር። የወንድሜ ልጅ ማልታ በምትባል ደሴት አንዲት አሮጊት እየጦረች ትኖራለች። ባለፈው ሁዳዴ ሴትየዋ ማታ ማታ የሚደግሙትን ጸሎት በስልክ ቀድታ ላከችልኝ። አነጋገሩ ጣሊያንኛ ይመስላል፤ መካከል ላይ ግን «ይትአዴስ ኢስሜክ» ሲሉ ብሰማ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። ደጋግሜ አዳመጥኩት፤ «ይትቀደስ ስምከ» ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል? እነዚህ ሰዎች ግእዝ ከየት አገኙ? ወይስ ጆሮዬ አታለለኝ?

መልስ፦ አባታችን፣ ጆሮዎ አላታለለዎትም። ሴትየዋ የደገሙት አቡነ ዘበሰማያትን ነው፤ ቋንቋው ግን ግእዝ ሳይሆን ማልትኛ የሚባል፣ ለግእዝ የሩቅ ዘመድ የሆነ ሴማዊ ቋንቋ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። እኛ «አቡነ ዘበሰማያት፣ ይትቀደስ ስምከ፣ ትምጻእ መንግሥትከ፣ ወይኩን ፈቃድከ፣ በከመ በሰማይ ከማሁ በምድር» የምንለውን የማልታ ሰዎች «ሚሲየርና ሊ ኢንቲ ፊስ ስመዊየት፣ ይትቀዴስ ኢስሜክ፣ ቲጂ ሳልትናቴክ፣ ኢኩን ሊ ትሪድ ኢንት፣ ኪፍ ፊስ ሴማ ሄክዳ ፍል አርት» ይሉታል።

እርስዎ ግሥ የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ ከላይ ከሚታየው መመሳሰል አልፈው ይመልከቱት። «ይትቀደስ» ውስጥ «ይ» አድራጊውን ያመለክታል፣ «ት» ተደራጊነትን ያመጣል፣ ሥሩ ደግሞ ቀደሰ ነው፤ በማልትኛውም ሦስቱም በዚያው ቅደም ተከተል ተሰልፈው ይገኛሉ። «ስምከ» ላይ ባለቤቱን የምታሳየው «ከ» በማልትኛ «ኤክ» ሆና በዚያው በቃሉ መጨረሻ ተቀምጣለች። «ይኩን» እና «ኢኩን» አንድ ግሥ ናቸው። «ሳልትና» መንግሥት ማለት ሲሆን የእኛን «ሠለጠነ» እና «ሥልጣን» ያስታውሰናል። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን «ትምጻእ» እና «ቲጂ» ናቸው። ሁለቱ ግሦች በሥር አይገናኙም፤ ሆኖም መንግሥት በግእዝ በሴት አንቀጽ እንደምትነገር ሁሉ «ሳልትና»ም በማልትኛ ሴት ናትና ሁለቱም ግሦች ከፊታቸው «ት» አስቀድመዋል። ቃል ከጎረቤት ሊመጣ ይችላል፤ እንዲህ ያለው የአንቀጽ ሥርዓት ግን በውርስ ካልሆነ በቀር አይገኝም።

አሁን ወደ መጀመሪያዋ ቃል እንመለስ፤ ይህችኛዋ ዘመድ አይደለችም። «ሚሲየርና» ማለት «አባታችን» ማለት ነው፤ «ና» የእኛው «ነ» ናት፤ «ሚሲየር» ግን ከሲሲሊና ከጣሊያን የመጣ፣ ትልቅ ሰው ይጠራበት የነበረ የአክብሮት ስም ነው፤ ሥረ ትርጉሙም «የኔ ጌታ» ነው። እርስዎ ፊደል ያስቆጠሩዎትን መምህር «የኔታ» ብለው ይጠሩ እንደነበር ያስታውሱ፤ እርሱም «የኔ ጌታ» ከሚለው አጥሮ የመጣ ነው። እኛ ቃሉን ለመምህር ስንሰጠው ማልታዎች ለአባት ሰጡት። እናት ግን በማልትኛ «ኦም» ናት፤ ይህች የግእዟ «እም» ናት። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ የአባት ስም ከአውሮፓ መጥቶ የእናት ስም ከሴም ቀርቷል። አጎትና አክስትም «ዚዩ» እና «ዚያ» ተብለው በጣሊያንኛ ይጠራሉ።

«ይትአዴስ» ብለው የሰሙት «ቀ» የት ሄደች ቢሉ፣ ማልትኛ በጽሑፍ «ቀ»ን የምትወክል ፊደል አለው፤ ሲናገሩት ግን ጉሮሮ ላይ ቁርጥ ብሎ የሚቀር ድምፅ ብቻ ይሰማል። ይህ ለሸዋ ሰው ባዳ አይደለም፤ በገጠሩ «በቅሎ» ሲሉ «ቅ»ን ጉሮሯቸው ውስጥ የሚያስቀሩ ሽማግሌዎች አሉና። በቅሎ ራሷ በማልትኛ ዘመድ አላት፤ «ባአል» ይሏታል። እንደዚሁም ዐይንን «አይን» እያሉ በሚጠሯት ጊዜ መጀመሪያ ላይ ያለችው የጥንቷ «ዐ» አትሰማም፤ በጽሑፍ ግን ሁለት ፊደል ተጣምሮ ይጻፍላታል፤ ዘር ይታወቅ ዘንድ። እኛም ዐይኑን «ዐ» እና አልፋውን «አ» በአፋችን ሳንለይ በብዕራችን የምንለየው በዚሁ ምክንያት ነው። ቃሉም እንደ ግእዙ ዐይንንም ምንጭንም ይጠራልና በደሴቲቱ «የእንትን ዐይን» እየተባሉ በምንጭ ስም የሚጠሩ ቦታዎች አሉ።

ይህ ቋንቋ እዚያ እንዴት ደረሰ? ማልታ ከሲሲሊ በስተ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ከጎዞና ከኮሚኖ ጋር ተደምራ ስፋቷ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነች፣ ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የሚኖርባት አገር ናት። እርስዎ በሌላ ስም ያውቋታል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮበት የወጣባት፣ እፉኝት ከእጁ ላይ ተንጠልጥላ ሳትጎዳው የቀረችባት መላጥያ ይህችው ናት፤ የማልታ ሰዎችም ያንን ቀን በየዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የካቲት (ፌብሩዋሪ) 10 ቀን ያከብራሉ። በጳውሎስ ዘመን በደሴቲቱ ፊንቄያውያን ያመጡት ቋንቋ ይነገር ነበር። ፊንቄኛ ሴማዊ በመሆኑም ብዙ ማልታውያን ለረጅም ጊዜ ቋንቋችን ከፊንቄ የወረደ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በፊንቄኛና በግሪክኛ የተቀረጹ ሁለት የዕብነ በረድ ምሰሶዎች በማልታ ተገኝተው ነበርና ፈረንሳዊው ሊቅ ባርቴለሚ በ1758 የፊንቄን ፊደል የፈታው በእነርሱ ነው። ሆኖም የዛሬው ማልትኛ ከዚያ አልመጣም። ሊቃውንት የተስማሙበት ምንጩ በመካከለኛው ዘመን በሲሲሊ ይነገር የነበረው ዐረብኛ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ870 ከሰሜን አፍሪካ የመጡ የሙስሊም ሠራዊቶች ደሴቲቱን ያዙ። በ1091 የኖርማኑ መስፍን ሮጀር ከሲሲሊ ተሻግሮ ገዢነቱን አስቀበላቸው፤ ሙስሊሞቹ ግን በአንድ ጊዜ አልወጡም፤ እስልምና ከደሴቲቱ የጠፋው በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው። ሃይማኖቱ ሄደ፣ ቋንቋው ቀረ። ከዚያም ወዲህ ማልትኛ ከዐረቡ ዓለም ተቆርጦ፣ የቁርኣኑን ዐረብኛ የሚያስተምረው መድረሳ ሳይኖረው፣ በላቲን በምትቀድስ ቤተ ክርስቲያን ሥር ብቻውን አደገ። ስለዚህ ዛሬ የካቶሊክ ካህን «ቀሲስ» ይባላል፤ እንደ እኛው። ቅዳሴው «ቁዲየሳ»፣ ቅዱሱ «ቀዲስ» ነው። እግዚአብሔርን «አላ» ይሉታል፤ የትንሣኤ በዓል ከዒድ የመጣ ስም አለው፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ «ራንዳን» ይባላል፤ ይኸውም ረመዳን ነው። ሴትየዋ በሁዳዴ የጸለዩት እንግዲህ በራሳቸው አጠራር በራንዳን ነው። ይህን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች ይደናገጣሉ፤ የሚያስደነግጥ ግን ምንም የለበትም፤ ቃሉ ከአንዱ ጾም ወደ ሌላው ጾም ተሻገረ እንጂ ማንም ሃይማኖቱን አልቀየጠም። እርስዎ ካሉበት ደጋ ወደ ቆላው ሲወርዱ የሚያገኟቸው አርጎባዎች የአማርኛ የቅርብ ዘመድ የሆነ ሴማዊ ቋንቋ ያላቸው ሙስሊሞች እንደሆኑ ያውቃሉ። ቋንቋና ሃይማኖት በአንድ አህያ አይጫኑም።

የወንድምዎ ልጅ ሌላ ቅጂ ብትልክልዎ «ስሊየም አሊክ ማሪያ፣ ቢል ግራጽያ ሚምሊያ» የሚለውን ይጠብቁ። «ስሊየም» ሰላም ነው፤ የእኛው «ሰላም ለኪ» ነው። «ሚምሊያ» የተመላች ማለት ሲሆን ከ«ምልዕተ ጸጋ» ምልዕት ጋር ሥሩ አንድ ነው። «ግራጽያ» ብቻ፣ ጸጋ የተባለችው ቃል፣ ከጣሊያን ናት።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የምኖር የቋንቋ ተማሪ ነኝ። በክፍል ውስጥ ስለ ማልትኛ ተነሥቶ አንዱ «የተበላሸ ዐረብኛ ነው» ሲል ሌላው «ግማሹ ጣሊያንኛ ስለሆነ የጣሊያን ቋንቋ ነው» አለ። እኔ ደግሞ ድብልቅ እንጂ ቋንቋ ሊባል ይገባል ወይ ብዬ ተጠራጠርኩ። የትኛው ትክክል ነው?

መልስ፦ እህታችን፣ ሦስቱንም አልቀበልም፤ ምክንያቴን በዝርዝር ልንገርሽ።

የመዝገበ ቃላት ቆጠራ እንደሚያሳየው ከማልትኛ ቃላት ገሚሱ ያህል ከሲሲሊኛና ከጣሊያንኛ፣ ሢሶው ገደማ ከዐረብኛ፣ ወደ 6 በመቶ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ነው። ጓደኛሽ የተናገረው ከዚህ ተነሥቶ ይሆናል። ነገር ግን መዝገበ ቃላት ውስጥ «እጅ» የሚለው ቃልና በዓመት አንድ ጊዜ በሸንጎ የሚነሣ የሕግ ቃል እኩል አንድ አንድ ይቆጠራሉ። በአፍ ውስጥ ያለውን ስትቆጥሪ ሚዛኑ ይገለበጣል፤ መስተዋድዱ፣ ተውላጠ ስሙ፣ ቁጥሩ፣ ደም፣ ስም፣ ሞት፣ ራስ፣ ሰማይ ሁሉ ሴማዊ ናቸው። ገበሬው «ሐራት» ቢል አረሰ ማለቱ ነው፤ ግእዙ «ሐረሰ» ነው። «ዜራ» ቢል ዘራ ማለቱ ነው። ያው ገበሬ በድንበር ተጣልቶ ወደ ከተማ ሲወርድ ግን ፍርድ ቤቱ «ኦርቲ»፣ ጠበቃው «አቩካት»፣ መንግሥቱ «ግቬርን» ይሆናል፤ ሁሉም ከጣሊያን።

እዚህ ላይ ከአማርኛ ጋር ያለው ልዩነት ትልቅ ትምህርት ይሰጣል ብዬ አምናለሁ። አማርኛ የሊቅ ቃል ሲቸግረው ዘወር ብሎ ከግእዝ ይወስዳል፤ «ሕገ መንግሥት»፣ «ሥነ ልቡና»፣ «መዝገበ ቃላት» የተባሉት እንዲህ መጡ። ማልትኛ ግን የወለደው ቋንቋ ትምህርት ቤት በአጠገቡ አልነበረም። በ1530 ንጉሠ ነገሥት ቻርልስ አምስተኛ በዓመት አንድ ጭልፊት እየገበሩ እንዲይዟት ብሎ ደሴቲቱን የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች ለሚባሉ የካቶሊክ መነኮሳት ተዋጊዎች ሰጠ። እነርሱም በ1565 የኦቶማንን ከበባ ተቋቁመው፣ ቫሌታን ቆርቁረው፣ ናፖሊዮን በ1798 እስካስወጣቸው ድረስ ሲገዙ የችሎቱና የትምህርቱ ቋንቋ ጣሊያንኛ ነበር። የተማረ ሰው ሊባል የሚሻ ሁሉ ከዚያ ቀዳ። ቋንቋ የሊቅ ቃል የሚበደረው በዙፋኑና በመንበሩ ላይ ከተቀመጠው ነው።

ይሁን እንጂ የገባውን ቃል ምን እንዳደረገው ተመልከቺ። ከጣሊያን «ስኮላ»ን ወሰደና ብዙውን «ስኬየል» አለ። ከዚያው «ካምራ»ን፣ ክፍልን፣ ወሰደና ብዙዋን «ክማማር» አላት። ይህ «ደብር» ሲበዛ «አድባር»፣ «መጽሐፍ» ሲበዛ «መጻሕፍት» እንደሚሆነው ያለ፣ ቃሉን ከውስጥ የሚሰብር ብዜት ነው። የአውሮፓ ቃል ገብቶ በሴማዊ ልብስ ሰፊ እጅ ተለክቶ ተሰፋ። ግሡም እንደዚያው ነው። እኛ መኪናውን «ፓርክ አደረገ» ብለን እንግሊዝኛውን ሳንነካው አጠገቡ የራሳችንን ግሥ እናቆማለን፤ እነርሱ ግን «ኢፓርክያ» ብለው ሙሉ ግሥ አድርገውታል፤ «ኒፓርክያ» እኔ አቆማለሁ፣ «ይፓርክያው» እነርሱ ያቆማሉ። እንግዳውን ቃል በዚህ መጠን ማግባት ከቻለ ቋንቋ «ተበላሸ» ማለት አይቻልም።

ሌላም ቅርብ ምሳሌ አለ። ከተበ ከሚለው ሥር እኛ ክታብን አንገት ላይ አንጠልጥለናል፣ ክትባትን ክንድ ላይ ወግተናል፤ ማልታዎች ደግሞ «ኪቴብ» ጻፈ፣ «ክቲየብ» መጽሐፍ፣ «ኪቲየብ» ደራሲ ብለውበታል።

የንቀቱ ነገር ግን እውነት ነበር፤ ማልትኛ ለብዙ ዘመን የማዕድ ቤትና የእርሻ ቋንቋ ተብሎ ተቆጥሯል። ይህንን በብዕር የተዋጋው ሚኪኤል አንቶን ቫሳሊ (1764–1829) ሰዋስውን በ1791፣ መዝገበ ቃላትን በ1796 አሳትሟል። የብሔራዊ ባለቅኔው ዱን ካርም ታሪክ ደግሞ ለእኔ ከሁሉ ይልቃል፤ እርሱ ቄስ ነበር፣ በጣሊያንኛ የታወቀ ገጣሚም ነበር፤ በ1912 ግን በአርባዎቹ ዕድሜው ወደ እናቱ ቋንቋ ተመለሰ፣ ዛሬ የሚዘመረውን ብሔራዊ መዝሙርም በእርሱ ጻፈ። ጸሐፊዎች በ1920 ማኅበር አቋቁመው በላቲን መልክ ፊደሉን ወሰኑ። በ1934 በብሪታንያ አገዛዝ ማልትኛ ከእንግሊዝኛ ጋር ይፋዊ ቋንቋ ሆኖ ጣሊያንኛ ተሰናበተ። ነፃነት በ1964 መጣ። አገሪቱ በ2004 የአውሮፓ ኅብረት አባል ስትሆንም ማልትኛ ከኅብረቱ ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ ሆነ፤ በመካከላቸው ሴማዊ የሆነው እርሱ ብቻ ነው። ፊደሎቹ 30 ናቸው።

ጥያቄ፦ ከአንኮበር ነው የምጽፈው። ቋንቋቸው ከዚህም ከዚያም እንደሆነ ሰምቻለሁ። ምግባቸው፣ በዓላቸውና ዘፈናቸውስ? የራሳቸው የሚሉት ምን አላቸው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ የራሳቸው የሚሉት ብዙ ነው፤ እኔ ሦስቱን ብቻ አነሣለሁ።

በዓላቸው «ፌስታ» ይባላል። እያንዳንዱ መንደር የደብሩን ቅዱስ ዓመታዊ በዓል ሲያከብር ጎዳናው በጨርቅና በመብራት ይሸለማል፣ የመንደሩ የሙዚቃ ጓድ በነሐስ መሣሪያ ይወጣል፣ ርችት ይተኮሳል፣ የቅዱሱ ሐውልት በወንዶች ትከሻ ላይ ሆኖ ይዞራል። ለንግሥ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው በአምልኮው ሥርዓት ልዩነቱን ወዲያው ይለየዋል፤ ወጣቶች ሸክሙን ለመቀባበል የሚሻሙበትን ትጋት ግን ያውቀዋል። ዩኔስኮ የእኛን ጥምቀት በ2019፣ የእነርሱን የመንደር ፌስታ በ2023 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል።

ዘፈናቸው «አና» ነው። ከዓይነቶቹ አንዱ «ስፒርቱ ፕሮንት» ይባላል፤ ስሙ የጣሊያን ነው፣ ትርጉሙም የተዘጋጀ መንፈስ ማለት ነው። ጊታር መቺዎች በተቀመጡበት ዘፋኞች ፊት ለፊት ቆመው አራት አራት ስንኝ እያፈለቁ ይመላለሳሉ፤ አስቀድሞ የተጻፈ ምንም የለም፤ የባላጋራውን ቃል አንሥቶ በዚያችው ቅጽበት ቤት መምታት ግድ ነው። አያቶቻችን በዳኛ ፊት «በላ ልበልሃ» ሲባባሉ የነበረውን ለሰማ ሰው ስሜቱ ቅርብ ነው። ሁለቱም ንግግርን እንደ ጋሻ የሚያነሡ ሕዝቦች ናቸው። ይህም በ2021 በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

ምግባቸውን በአንድ ቁራሽ ዳቦ ላይ ላሳይህ። ጠዋት ወደ ሥራ የሚወጣ ሰው፣ ልጅም ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ የሚበላው «ሆብዝ ቢዝ ዜይት» ይባላል። በእኛ አፍ ቃል በቃል አንብበው፤ ኅብስት በዘይት ነው፤ «በ» እንኳ ሳትቀር። ከቅርፊቱ ጠንከር፣ ከውስጡ ክፍት ክፍት ያለውን ዳቦ ይቆርጡና የቲማቲም ድልህ ይለቀልቁበታል፤ ድልሁን «ኩንሴርቫ» ይሉታል፣ ይህ ከጣሊያን የመጣ ስም ነው። በላዩ የወይራ ዘይት ያንቆረቁሩበታል፤ ቱና የሚባለውን ዓሣ፣ የወይራ ፍሬ፣ ሽንኩርትና በጨው የተዘፈዘፈ የቁጥቋጦ እምቡጥ ይበትኑበታል። ጠፍጣፋውና ክቡ ዳቦ «ፍቲራ» ይባላል፤ አጋገሩ በ2020 ተመዝግቧል። ጎረቤቱ መኮሮኒን በምድጃ ቢጋግር «ኢምቃሩን ኢል ፎርን» ይለዋል፤ «ፎርን» የተባለችውን ምድጃ እኛም ዳቦ ቤት ስንሄድ «ፎርኖ» እያልን እንጠራታለን።